ከክፉ ቀን እስከ ውፍረት፦ የጋይንት ማዕድ ታሪክ



የዛሬው ርዕሳችን ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ስለ ውፍረት፣ ክብደትን ስለ መቀነስና ለዚህ ሲባል ስለሚመረጠው አመጋገብ እንነጋገራለን፤ መነሻችን ደግሞ አርብ ገበያ ናት። አርብ ገበያ በደቡብ ጎንደር የታች ጋይንት ወረዳ ከተማ ናት። ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን የሚያውቅ ሰው «በዚያ አገር ስለ ረሃብ እንጂ ስለ ውፍረት ምን ይወራል?» ቢለን አንቀየመውም። ይሁንና ከዚያ አገር የወጡ እህቶችና ወንድሞች ዛሬ በባሕር ዳር፣ በአዲስ አበባ፣ በጅዳና በቤይሩት ይኖራሉ። የስኳርና የደም ግፊት ሕመምም በብዙ ቤት ገብቷል። ሐኪም «ክብደትዎን ይቀንሱ» ያላቸው እናት ከምግብ ይከለከላሉ፤ በሁለት ሳምንት ይከሳሉ፤ ጥቂት ወራት ሲያልፉ ግን ከነበሩበት በላይ ሆነው ይገኛሉ። ይህ ለምን እንደሚሆን ለመረዳት ረሃብን ከማንም በላይ የሚያውቅ አገር ጥሩ አስተማሪ ነው ብለን እናስባለን።

የጋይንት አገር ከደጋው ተነሥቶ እስከ በሽሎ ሸለቆ ድረስ ይወርዳል። በሽሎን የተሻገረ ሰው ወሎ ገባ ማለት ነው። በደጋው ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ፣ በወይና ደጋው ጤፍ፣ በቆላው ማሽላ ይበቅላል። መሬቱ ተዳፋት፣ አፈሩ በጎርፍ የታጠበ በመሆኑ ዝናብ ጥቂት ሳምንታት ቢዘገይ የሚጎድለው የዓመት ቀለብ ነው። ሽማግሌዎች ክፉ ቀን እያሉ የሚያነሡት ዘመን ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ገደማ የነበረው ነው። ጣሊያኖች በምፅዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የመጣው የደስታ በሽታ የአገሪቱን ከብት አብዛኛውን ፈጀ። በሬ ያጣ ገበሬ ማረስ አልቻለም፤ በዚያ ላይ ድርቅና አንበጣ ተጨመሩ። በዚያው ሰሞን በ1880 ዓ.ም. የማህዲ ጦር ጎንደር ከተማን አቃጥሎ ነበር። ከዚያ በኋላም ችጋሩ ተመላልሷል፤ በ1958 ዓ.ም. ጎረቤቶቹ ዋግና ላስታ፣ በ1965 እና 1966 ዓ.ም. ወሎ፣ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ሰሜኑ በሙሉ። በ1997 ዓ.ም. ሴፍቲኔት የተባለው ፕሮግራም ሲጀመር ታች ጋይንት፣ ላይ ጋይንትና ስማዳ ከተካተቱት ወረዳዎች መካከል ነበሩ። በዚያ ፕሮግራም ሥራ የሠራ ሰው በቀን 3 ኪሎ እህል ይታሰብለት ነበር፤ በወር ለአምስት ቀን ሥራ ለአንድ ሰው 15 ኪሎ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ የዘረዘርነው ለሐዘን አይደለም። የሰው ልጅ ሰውነት የተሠራው እንዲህ ያለውን ዘመን እንዲያልፍ ነው። እህል ሲያጥር ሰውነት እንደ ብልህ ባለቤት ወጪውን ይቀንሳል። ይበርደዋል፤ እንቅስቃሴው ይዘገያል፤ የሴቶች የወር አበባ ይቋረጣል፤ ሐሳብ ሁሉ ወደ ምግብ ይሄዳል። አዝመራው ሲገባም መጀመሪያ የሚሞላው ለክፉ ቀን የሚቀመጠው ስብ ነው። በክረምት ከስቶ በኅዳርና በታኅሣሥ መልሶ መፋፋት ለጋይንት ገበሬ በሽታ ሳይሆን አላህ (ሱ.ወ) የሰጠው ጥበቃ ነበር። ዛሬ በከተማ ሆነን ከምግብ ስንከለከል ሰውነታችን ይህንን አይለይም። ሴትዮዋ ለሠርግ ልብስ ብላ መራቧን ከየት ያውቃል? ክፉ ቀን የመጣ ይመስለዋል።

አሁን ወደ ማዕዱ እንምጣ። በጎንደር ክፍለ ሀገር የነበሩ ሙስሊሞች እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ ባመዛኙ የርስት ባለቤት አልነበሩም። ኑሯቸው በንግድና በሽመና ላይ የተመሠረተ ነበር፤ የደሪጣ ነጋዴዎች ስም በታሪክ የሚነሣውም ለዚህ ነው። ጎተራው ያልሞላ ቤት ደግሞ እህሉን ከገበያ እየሸመተ ይበላል። ገበያ ለገበያ በቁና ተሰፍሮ የመጣ እህል እስከሚቀጥለው ገበያ መድረስ አለበት፤ ስለዚህ የቤቱ እመቤት ሳታስበው መጣኝ ነበረች። ምግቡም የታወቀ ነው፦ የጤፍ ወይም የማሽላ እንጀራ፣ የባቄላና የሽምብራ ሽሮ፣ የምስር ወጥ፣ ጎመን፣ ቆሎ፣ በሶ፣ የገብስ ቂንጬ፣ የተልባ መጠጥ። ቅባቱ ከኑግ የተጨመቀ ጥቂት ዘይት ወይም በዒድ የሚወጣ ቅቤ ነው። ሥጋ ለዒድና ለሠርግ ይቀመጣል። ጓያም በችግር ጊዜ ይበላ ነበር፤ እርሱን ግን ማንም እንዲመልሰው አንመክርም፤ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግርን የሚያሽመደምድ መርዝ በውስጡ አለ።

ታዲያ በዚህ ማዕድ ላይ ያደገ ሰው ውፍረትን እንዴት ያየው ነበር? እንደ በረካ! «ወፍረህ፣ አምሮብህ መጣህ» ማለት ምስጋና ነው። እናት ከከተማ የመጣችውን ልጇን አይታ «ልጄ፣ ምነው ከሳሽብኝ?» ካለች ለቅሶ ቀረሽ። አራስ ገንፎ በቅቤ የምትበላው፣ ሙሽራ ጥሩ ጥሩውን የምትቀለበው በዚሁ አስተሳሰብ ነው። በእርግጥ ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ ላይ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ከመግባቷ በፊት እናቷ እንድትፋፋ ብዙ ሞክራ አልሳካ ሲላት፣ ኪያር መሰል አትክልት ከእሸት ተምር ጋር መብላት እንደበጃት ተነግሯል። በ1990ዎቹ ዓመታት ደግሞ የኤድስ ወረርሽኝ በከተሞቻችን ሲስፋፋ መክሳት ሌላ ትርጉም አገኘ። የቀጠነ ሰው በጎረቤት ይጠረጠር ነበር። ብዙዎች ሐኪም ክብደት ቀንሱ ሲላቸው የፈሩት በሽታውን ሳይሆን የሰፈሩን አፍ ነበር። እንግዲህ ዛሬ እናቶቻችንን «አትወፍሩ» ስንል ከመቶ ዓመት በላይ ልምድ ጋር እየተከራከርን መሆኑን አንርሳ።

የተለወጠው ምንድን ነው? ብዙ ሰው እንጀራውን ይከሳል፤ እኛ ግን መጀመሪያ የምንጠይቀው ስኳሩን፣ ዘይቱንና መቀመጫውን ነው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ስኳር በገጠር ቤት ብርቅ ነበር፤ ጣፋጭ ማለት ማር ነበር። ከዚያ በኋላ የሸዋ፣ የመተሐራና የፊንጫ ፋብሪካዎች ተከታተሉ። ሻይ በየቤቱ ገባ፤ የእኛ ሰው ደግሞ ሻይ ሲጠጣ ስኳሩን አይቆጥብም። እስቲ አብረን እናስላ። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ነው። በብርጭቆ አራት ማንኪያ፣ በቀን አምስት ብርጭቆ ቢጠጣ 80 ግራም ይሆናል፤ ይህም ከ300 ካሎሪ በላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው የስኳሩ ጣሪያ 50 ግራም ገደማ ነው፤ ከ25 ግራም በታች ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው ብሏል። ለስላሳውንና በኢፍጣር ማዕድ ላይ የሚቀርበውን ጣፋጭ ቀሪቦ ገና አልቆጠርንም።

ዘይትም እንዲሁ ነው። ኑግ በቤት ሲጨመቅ ድካሙ ራሱ መጣኝ ነበር። ከውጭ የሚገባው የፓልም ዘይት በጀሪካን በየሰፈሩ መታደል ሲጀምር ግን ወጥ በዘይት መዋኘት ጀመረ። አንድ ሊትር ዘይት ከ8,000 ካሎሪ በላይ አለው። አምስት ሰው ያለበት ቤት በወር አምስት ሊትር ቢጨርስ ለእያንዳንዱ ሰው በቀን 270 ካሎሪ ያህል ከዘይት ብቻ ይደርሰዋል። በደርግ ዘመን በፎገራ ሜዳ የተለመደው ሩዝም ከጤፍ ጋር እየተቀላቀለ እንጀራ ሆኗል፤ ፓስታና ነጭ ዳቦም በከተማ የዘወትር ምግብ ሆነዋል። እነዚህ ቶሎ የሚዋጡና ቶሎ የሚያስርቡ ናቸው። እግርስ? በአቀበትና በቁልቁለት አህያ እየነዳ ገበያ ይወጣ የነበረ ሰው ልጅ ዛሬ ከበር እስከ ሱቅ በባጃጅ ይሄዳል።

ውጤቱ በቁጥር ታይቷል። በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች ከመቶ 3ቱ ብቻ ከሚገባው በላይ ወፍራም ነበሩ፤ በ2016 ከመቶ 8 ሆኑ። በከተማ ለብቻው ሲታይ ከአምስት ሴቶች አንዷ ገደማ ነች። በዚያው ጥናት ከመቶ 22ቱ ደግሞ ከሚገባው በታች ከሲታ ነበሩ። ሁለቱም በአንድ አገር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ናቸው። በአርብ ገበያ ያለችው እህት ቀለብ ሲያልቅባት፣ አዲስ አበባ ያለችው እህት የመክሻ መድኃኒት ትገዛለች። ይህን ስናይ ዝም ማለት ይከብደናል።

ከጎንደር ምድር የሄዱ ሰዎች ታሪክ ነገሩን ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል። ቤተ እስራኤላውያን ከጎንደርና ከአካባቢው ተነሥተው፣ እ.ኤ.አ. በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ በሱዳን በኩል፣ በግንቦት 1991 ደግሞ ከአዲስ አበባ በቀጥታ ወደ እስራኤል ተወሰዱ፤ በሁለተኛው ጉዞ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ተጓጉዟል። ሲደርሱ ቀጫጮች ነበሩ፤ በሱዳን መጠለያዎች የተራቡም ብዙ ነበሩ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1988 የታተመ ጥናት በወጣቶቻቸው ላይ ሳይቀር የስኳር በሽታ በብዛት መገኘቱን አሳየ። ሰዎቹ ያው ከእኛው አገር የተነሡ ናቸው፤ ደማቸውም አልተለወጠም። የተለወጠው የዕለት እንጀራቸው፣ የስኳራቸው መጠንና የእግራቸው ጉዞ ነው። ተርቦ የኖረ ሰውነት በድንገት ጥጋብ ሲያገኝ ጉዳቱ ይከፋል።

ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱ እህቶቻችንም ከዚህ ብዙም አይርቁም። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ከአማራ ክልል የሄዱ ብዙዎች ነበሩ። በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ የምትበላበት ሰዓት የራሷ አይደለም፤ ሌሊት ከሥራ በኋላ የተረፈ ሩዝና ጣፋጭ ትበላለች። ወፍራ ስትመለስ እናት «አልሐምዱሊላህ፣ ተመችቷታል» ትላለች። እርሷ ግን ጉልበቷን ያማታል።

መፍትሔ ፍለጋ ከሚሄዱባቸው መንገዶች የመጀመሪያው ራብ ነው። ይህ መንገድ በሳይንስ ተፈትሿል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ እ.ኤ.አ. ከ1944 መጨረሻ እስከ 1945 መጨረሻ፣ አንሰል ኪስ የተባለ ተመራማሪ በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ፈቃደኛ ወጣቶችን ለ24 ሳምንታት በግማሽ ራብ አቆያቸው። በቀን 1,570 ካሎሪ ያህል ይበሉ ነበር። ልብ በሉ፣ ዛሬ በየመንደሩ የሚታዘዙ የመክሻ ዝርዝሮች ብዙዎቹ ከዚህ ያነሱ ናቸው! ወጣቶቹ ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ፤ በረዳቸው፤ ተከዙ፤ ቀንና ሌሊት ስለ ምግብ ብቻ ያወሩ ጀመር። ጥናቱ አልቆ ሲበሉ ደግሞ ጥጋብ ራቃቸው፤ ስባቸውም ከመጀመሪያው መጠን በላይ ሆነ። የጋይንት ገበሬ ከሰኔ እስከ ታኅሣሥ በየዓመቱ የሚያውቀው ነገር በሚኒሶታ በመጽሐፍ ተጻፈ ማለት ነው።

በአሜሪካ ቴሌቪዥን ማን ብዙ ይቀንሳል እየተባለ ይደረግ በነበረው ውድድር የተካፈሉ 14 ሰዎችም ከስድስት ዓመት በኋላ ተመርምረው ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ታተመ። በአማካይ 58 ኪሎ ቀንሰው 41ዱን መልሰውታል፤ ሰውነታቸውም ከሚጠበቀው 500 ካሎሪ ያህል ባነሰ ነዳጅ እየኖረ ተገኘ። ማለትም ቁጠባውን አልተወም።

ሁለተኛው መንገድ መድኃኒትና የመክሻ ሻይ ነው። እዚህ ላይ አበክረን እንናገራለን። ሲቡትራሚን የተባለው የመክሻ መድኃኒት በልብና በደም ሥር ላይ ባስከተለው አደጋ እ.ኤ.አ. በ2010 በአውሮፓና በአሜሪካ ከገበያ ተነሥቷል። ከዚያም በኋላ የተፈጥሮ ቅጠል ነው ተብለው በሚሸጡ ሻዮችና እንክብሎች ውስጥ ተደብቆ በተደጋጋሚ ተገኝቷል። ስሙ የማይታወቅ ነገር ከዓረብ አገር በሻንጣ መጣ ተብሎ አይዋጥም። ሆድ የሚያስቀምጡ ቅጠሎችም ውሃ እንጂ ስብ አያወጡም። አያቶቻችን ኮሶ ሲጠጡ ጠላታቸውን ያውቁ ነበር፤ ለኮሶ ትል እንጂ ለመክሳት አልጠጡትም።

በእስልምና ታሪክ ይህ ጉዳይ አዲስ አይደለም። ሆድ የበሽታ ቤት መሆኑን የሚናገረው አባባል በየመድረኩ ሐዲስ ተብሎ ሲጠቀስ እንሰማለን። ኢብኑል ቀይም ግን ይህ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የተናገሩት ሳይሆን የጣኢፉ ሐኪም የአል-ሓሪስ ኢብኑ ከለዳ ንግግር መሆኑን ገልጸዋል። በእርግጠኝነት የተገኘልን ቲርሚዚይ የዘገቡት ነው፤ ለሰው ልጅ ጀርባውን የሚያቆምለት ጥቂት ጉርሻ እንደሚበቃው፣ ካልሆነም ሆዱን ለምግብ፣ ለመጠጥና ለትንፋሽ በሲሶ እንዲከፍል የሚያስተምረው። ይህ ሲሶ የሚደንቅ መለኪያ ነው። ሚዛን አይፈልግም፤ ሀብታምና ድሃ አይለይም፤ ምንም ዓይነት ምግብ እርም አያደርግም፤ ዕድሜ ልክም ሊሠራበት ይችላል።

ከሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) በ18ኛው ዓመተ ሒጅራ በመዲና ድርቅ በገባ ጊዜ፣ ዓም አር-ረማዳ በሚባለው ዓመት፣ ሕዝቡ እስኪጠግብ ድረስ ቅቤና ሥጋ አልበላም ብለው በዘይት እየበሉ መክሳታቸው ተዘግቧል። በዚያ ታሪክ መሪው ከሕዝቡ ጋር አንድ ዓይነት ማዕድ መቅረቡን ልብ እንላለን። ከዚያ አራት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ኢብኑ ሲና (እ.ኤ.አ. በ1037 ያረፉት) በሕክምና መጽሐፋቸው ስለ ወፍራም ሰው ሲጽፉ፣ ብዛቱ ሆድ የሚሞላ ኃይሉ ግን ትንሽ የሆነ ምግብና ብርቱ እንቅስቃሴ አዘዋል። ከጋይንት ማዕድ ላይ ይህን መፈለግ አያስቸግርም፤ ጎመን፣ የገብስ ሾርባ፣ ንፍሮ።

ዘመናዊው ጥናትስ ምን ይላል? እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ 160 ሰዎች በአራት የታወቁ የአመጋገብ ሥርዓቶች ተከፋፍለው ለዓመት ተከታትለዋል። አንዱ ቅባት፣ ሌላው እህል የሚከለክል ነበር። በሥርዓቶቹ መካከል ጎልቶ የወጣ ልዩነት አልተገኘም፤ ብዙ የቀነሱት የተሰጣቸውን ሥርዓት አጥብቀው የያዙት ናቸው፤ ብዙዎች ደግሞ ዓመቱ ሳይሞላ አቋርጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ሌላ ጥናት 609 ሰዎች በሁለት ተከፈሉ፤ ቅባት የቀነሱት በአማካይ 5.3 ኪሎ፣ እህልና ስኳር የቀነሱት 6 ኪሎ ጣሉ። ልዩነቱ ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። ሁለቱም ወገኖች ግን ስኳርንና ነጭ ዱቄትን እንዲተዉ፣ አትክልት እንዲያበዙ ታዘው ነበር። ስለዚህ «እንጀራ ልተው ወይስ ቅባት?» የሚለው ጥያቄ የመጀመሪያው ጥያቄ መሆን የለበትም። የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህን በሚመጣው ዓመት በዚህ ወር ልበላው እችላለሁ?» ነው። እንጀራን ለዘላለም የሚተው የጋይንት ሰው እኛ እስከ ዛሬ አላየንም።

መጠኑም ቢሆን የሚያስፈራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመውና የስኳር በሽታ ያሰጋቸው 3,234 አሜሪካውያን በተካፈሉበት ጥናት የአንዱ ቡድን ግብ ክብደትን በ7 ከመቶ መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስ ነበር። በዚያ ቡድን በበሽታው የሚያዙት በ58 ከመቶ ቀነሱ፤ መድኃኒት የወሰዱት በ31 ከመቶ ብቻ። 70 ኪሎ ለምትመዝን እህት 7 ከመቶ ማለት 5 ኪሎ ያህል ነው። ቁመቷ 1 ሜትር ከ60 ከሆነ ክብደቷን ለቁመቷ ሁለት ጊዜ ስታካፍለው 27 ይመጣል፤ ከ25 በላይ ከሚገባው በላይ መሆኑን ያሳያል። 5 ኪሎ ብትቀንስ 25 ገደማ ትደርሳለች። የሃያ ዓመት ልጅ ወገብ አያስፈልጋትም።

ረመዷንን ሳናነሣ ማለፍ አንችልም። በየዓመቱ «በረመዷን እቀንሳለሁ» የሚሉ ብዙ ናቸው። ከብዙ አገሮች የተሰበሰቡ ጥናቶች በወሩ በአማካይ አንድ ኪሎ ገደማ እንደሚቀንስ፣ ከዒድ በኋላ ባሉት ሳምንታት ደግሞ አብዛኛው እንደሚመለስ ያሳያሉ። ሳምቡሳው፣ ጣፋጩ፣ የሌሊቱ መቀመጥ ሥራውን ይሠራል። ቀን እየተራቡ ማታ እንደ ሠርግ መብላት የሰኔንና የታኅሣሥን ታሪክ በአንድ ቀን ውስጥ መድገም ነው። ሰኞና ሐሙስ መጾም ሱና ነው፤ ኒያው ግን ለአላህ ይሁን፤ ለወገብ ተብሎ የተጾመ ጾም ዒባዳ ሊሆን አይችልም። አንድ ቀን እየዘለሉ መራብን ከዘወትር መመጠን ጋር ያነጻጸረ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመና 100 ሰዎች የተካፈሉበት ጥናትም የመጀመሪያው የተሻለ ውጤት እንዳላመጣና አቋራጮቹም እንደበዙ አሳይቷል። የስኳር መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የሚወስዱ ደግሞ ከመጾማቸውም ሆነ አመጋገባቸውን ከመለወጣቸው በፊት ሐኪም ማማከር አለባቸው። እርጉዝና አጥቢ እናቶች ክብደት የሚቀንሱበት ጊዜ አይደለም።

ታዲያ ከቤት ምን ይጀመር? በእኛ ዘንድ ማዕድ የጋራ ነው፤ በአንድ ትሪ ዙሪያ ይቀመጣል። አንዷ ለብቻዋ ሳሕን ሰላጣ ይዛ ጥግ የምትቀመጥበት ሥርዓት ወር አይዘልቅም፤ አማት ታኮርፋለች፣ ልጆች ይጠይቃሉ፣ እንግዳ ሲመጣ ይፈርሳል። ስለዚህ የሚለወጠው የትሪው ነገር ይሁን፤ ያኔ ባልም ልጆችም ሳያውቁት አብረው ይሄዳሉ። ዘይቱ ከጀሪካን እየተገለበጠ ሳይሆን በማንኪያ እየተለካ ይግባ። ሽሮውና ምስሩ ይብዛ፤ ጎመኑ የዳር ማስጌጫ ሳይሆን እኩል ወጥ ይሁን። የሻዩ ስኳር በየሳምንቱ በግማሽ ማንኪያ ይቀነስ፤ ምላስ ይለምዳል። ሰው ሁሉ ስኳር በአንድ ቀን እንዲተው የሚያዘው ምክር ብዙ እንደማይቆይ አይተናል። የቡና ቁርስ አንድ እፍኝ ቆሎ ይሁን፤ በሶ ግን በስኳርና በዘይት ከተለወሰ የመንገደኛ ስንቅ እንጂ የመክሻ ምግብ አይደለም። ለኢፍጣር ተምር፣ ውሃና የገብስ ሾርባ ቀድሞ፣ ሳምቡሳው ከሁለት አይብለጥ። እንጀራው ሲቆረስ ሁለተኛው ከመዘርጋቱ በፊት ጥቂት ይቆይ። እናት ሲያጎርሱ እምቢ ማለት ነውር ነው፤ ጉርሻው ይበላ፤ ከራስ ድርሻ ግን ይቀነስ። ጤና ሚኒስቴርና የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በ2014 ዓ.ም. ይፋ ያደረጉት የአገራችን የአመጋገብ መመሪያም የሚመክረው ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ጥራጥሬና አትክልት ማዘውተር፣ ስኳር፣ ጨውና ቅባት መመጠን፣ መንቀሳቀስ።

ከአርብ ገበያ ለመጡ እናቶች ይህን ስንነግር «እኛ ያደግንበትን ነው የምትነግሩን» ይሉ ይሆናል። እውነታቸውን ነው፤ ልዩነቱ ያኔ የመጠነው ማጣት፣ ዛሬ የሚመጥነው ምርጫ መሆኑ ብቻ ነው። ከማዕዱ የተረፈው የዘይትና የስኳር ዋጋም የት እንደሚሄድ አይጠፋንም፤ በበሽሎ ዳርቻ ቀለቡ ያለቀበት ዘመድ የሌለው የጋይንት ልጅ ጥቂት ነው።

ክብደትን በየቀኑ መመዘን ልብ ያደክማል፤ ዛሬ የጨመረ ውሃ ነገ ይወርዳል። በሳምንት አንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ሰዓት፣ በአንድ ሚዛን ይበቃል። በየከተሞቻችን መንገድ ዳር ሚዛን ዘርግተው የሚቀመጡ ልጆች አሉ። ለጁሙዓ ሶላት ስትወጡ ከአንዱ ዘንድ ቆማችሁ ተመዘኑ፤ ቁጥሩንም ከቤት ኪስ መዝገብ ላይ ጻፉት። በሦስት ወር ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ኪሎ ከወረደ መንገዱ ልክ ነው፤ በሳምንት ሦስት ኪሎ ከወረደ ግን አንድ ነገር ተበላሽቷልና ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።